መሪው የሚወጣው ከሁለተኛው የድምፅ መስጫ ወረቀት ነው

ታከለ ኡማ አዲስ አበባን ከሐምሌ 2010 ጀምሮ ሁለት ዓመት መርተዋል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ግን የሥራ መጠሪያቸው «ምክትል ከንቲባ» ነበር። ታዲያ ከንቲባው ማን ነበር? ማንም አልነበረም። ከእሳቸው በላይ የተቀመጠ ሰው አልነበረም። ከተማውን የሚመሩት፣ ካቢኔውን የሚሰበስቡት፣ በጀቱን የሚያቀርቡት እሳቸው ነበሩ፤ ስማቸው ግን ምክትል ነው።

ያኔ ብዙ ሰው ነገሩን እንደ ቢሮክራሲ ወግ ቆጥሮ አለፈው። እኔ ግን ስለ ክልልና ስለ ከተማ ምክር ቤቶች ማስረዳት ስፈልግ ከዚህ መጀመር እወዳለሁ፤ ምክንያቱም ብዙ የሚያስረዳ ነገር አለው። የአዲስ አበባ ከንቲባ የሚመረጠው ከከተማው ምክር ቤት አባላት መካከል ነው። ታከለ የምክር ቤቱ አባል አልነበሩም። ማንም ሰው ለምክር ቤቱ ወንበር አልመረጣቸውም። ስለዚህ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የከተማዋን ቻርተር አሻሻለና ምክትል ከንቲባ ከምክር ቤቱ ውጪ እንዲሾም ፈቀደ። በዚያ መንገድ ነው የገቡት። በነሐሴ 2012 በእሳቸው ቦታ የተተኩት አዳነች አቤቤም እንዲሁ በምክትል ከንቲባነት መጡ። «ከንቲባ» የተባሉት ከአንድ ዓመት በኋላ፣ ለምክር ቤቱ ተወዳድረው ወንበር ካገኙ በኋላ፣ መስከረም 18፣ 2014 ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።)

ይሄ የአዲስ አበባ ብቻ ታሪክ ቢሆን ኖሮ ባልደከምኩበት ነበር። ግን በዚያው ሰሞን በሶማሌ ክልልም ተመሳሳይ ነገር ሆኗል። አብዲ መሐመድ ኡመር በሐምሌ 2010 መጨረሻ ከሥልጣን ሲለቁ፣ ክልሉን እንዲመሩ የመጡት ሙስጠፌ መሐመድ ለሦስት ዓመታት ያህል በዜና የሚጠሩት «ምክትል ርዕሰ መስተዳድር» እየተባሉ ነበር። በኦሮሚያም ለማ መገርሳ ወደ መከላከያ ሚኒስቴር ሲሄዱ፣ የክልሉ ምክር ቤት፣ ማለትም ጨፌው፣ ሚያዝያ 10፣ 2011 ሽመልስ አብዲሳን የሾመው በምክትል ርዕሰ መስተዳድርነት ማዕረግ ነው። ሁለቱም ያለ ምክትል ቅጽል የተጠሩት በ2014 መጀመሪያ፣ አዲሶቹ ምክር ቤቶች ሲመሠረቱ ነው። ሕጉ ርዕሰ መስተዳድሩ ከምክር ቤቱ አባላት መካከል ይመረጥ ይላል። ወንበር የሌለው ሰው ማዕረጉን ሙሉ አድርጎ መያዝ አይችልም።

ከሁሉም ትልቁ ምሳሌ ግን የመጋቢት 2010ሩ ነው። ኃይለማርያም ደሳለኝ የካቲት 8፣ 2010 ሥልጣን መልቀቃቸውን ሲያሳውቁ፣ በዚያ ሰሞን ስሙ በየአፉ የነበረው ሰው ለማ መገርሳ ነበር። ኦሮሚያን ይመራ የነበረው ድርጅት የኦሕዴድ ሊቀ መንበር ነበሩ፣ የኦሮሚያ ርዕሰ መስተዳድር ነበሩ፣ ከሰሜን እስከ ደቡብ ደጋፊ ነበራቸው። አንድ ነገር ግን ጎደላቸው። የጨፌ ኦሮሚያ አባል እንጂ የፌዴራሉ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባል አልነበሩም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 73 ደግሞ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ከሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላት መካከል ይመረጣል ይላል። ድርጅቱ ሳምንት ቆይቶ ቦታ አቀያየረ፤ ዐቢይ አሕመድ ሊቀ መንበር፣ ለማ ምክትል ሆኑ። ዐቢይ የተወካዮች ምክር ቤት ወንበር ነበራቸው። መጋቢት 24 ቃለ መሐላ ፈጸሙ።

እስቲ አስቡት። የአገሪቱን የቅርብ ዓመታት አቅጣጫ ከወሰኑት ነገሮች አንዱ «ይሄ ሰው የየትኛው ምክር ቤት አባል ነው?» የሚል ጥያቄ ነበር። ሰዎች ስለ ምርጫ ሲያወሩ ስለ ፓርቲ ያወራሉ፣ ስለ መሪ ያወራሉ። ስለ ወንበሩ የሚያወራ ጥቂት ነው። በተለይ ስለ ክልል ምክር ቤት ወንበር።

አሁን ወደ ክልሎቹ እንግባ፤ ዋናው ነገሬ እዚያ ነው።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 50 የክልል ምክር ቤት የክልሉ ከፍተኛ የሥልጣን አካል ነው ይላል፤ ተጠሪነቱም ለወከለው ሕዝብ ነው። ከፍተኛ የተባለው ርዕሰ መስተዳድሩ አይደለም፣ ካቢኔውም አይደለም፣ ፓርቲውም አይደለም። ምክር ቤቱ ነው። የክልሉን ሕገ መንግሥት የሚያወጣውና የሚያሻሽለው እሱ ነው። የክልሉን በጀት የሚያጸድቀው እሱ ነው። ርዕሰ መስተዳድሩን ይመርጣል፣ ካቢኔውን ያጸድቃል፣ የክልሉን ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ይሾማል። የመሬት አስተዳደር ዝርዝር፣ የቤተሰብ ሕግ፣ የክልል ሠራተኛና የክልል ፖሊስ ጉዳይ፣ እነዚህ ሁሉ በዚያ አዳራሽ ያልፋሉ። ገበሬው ማሳው ላይ ያለው መብት፣ የተፋቱ ባልና ሚስት ንብረት የሚከፋፈልበት መንገድ፣ የአስተማሪው ደመወዝ የሚወጣበት በጀት፣ ብዙው የሚወሰነው ከአራት ኪሎ ይልቅ ባሕር ዳር፣ ጅግጅጋ፣ ሐዋሳ፣ አሶሳ ነው።

ለዚህ ምክር ቤት የምንመርጠው እንዴት ነው? ጣቢያው ላይ ሁለት ወረቀት ይሰጣል። አንዱ ለተወካዮች ምክር ቤት፣ ሁለተኛው ለክልል ምክር ቤት፤ አዲስ አበባና ድሬዳዋ ከሆናችሁ ለከተማው ምክር ቤት። የመጀመሪያው ላይ አንድ ሰው ትመርጣላችሁ። ሁለተኛው ላይ ስሙ በዛ ይላል፤ ምክንያቱም ከአንድ የምርጫ ክልል ለክልሉ ምክር ቤት የሚላከው ሰው ከአንድ በላይ ነው። ቁጥሩን ስታዩት ይገባችኋል። አዲስ አበባ ለፌዴራሉ 23 ወንበር አላት፤ የከተማው ምክር ቤት ግን 138 ነው። ኦሮሚያ ለፌዴራሉ 178፣ ለጨፌው 537። አማራ ክልል ለፌዴራሉ 138፣ ለክልሉ 294። ያ ማለት የክልል ተወካያችሁ ከፌዴራሉ ተወካይ ይልቅ ለእናንተ ቅርብ መሆን ነበረበት። የሚወክለው ሕዝብ ያንሳል፣ ሰፈሩ ይቀርባል።

ግን ስንቶቻችን ነን የክልል ምክር ቤት ተወካያችንን በስም የምናውቀው? ባለፈው ምርጫ ተሰልፈን፣ ጣታችንን ቀለም አስነክተን፣ ሁለተኛው ወረቀት ላይ ምልክት አድርገን ወጣን። ከዚያ በኋላ ያ ሰው ለማን እጁን አወጣ? ምን ጠየቀ? ስንት ጊዜ ወደ ሰፈሩ ተመለሰ? ይሄን ለማንቋሸሽ አይደለም የምለው። ከልብ የሚያሳስበኝ ነገር ስለሆነ ነው። ርዕሰ መስተዳድሩን የመረጠልን ያ የማናውቀው ሰው ነውና።

የአማራ ክልልን ታሪክ ማየት ይበቃል። የካቲት 29፣ 2011 ገዱ አንዳርጋቸው ለቀቁና ምክር ቤቱ አምባቸው መኮንንን መረጠ። አራት ወር ሳይሞላ፣ ሰኔ 15፣ አምባቸው በቢሯቸው እያሉ ተገደሉ። የዚያን ዕለት ሐዘን አሁንም ያልበረደለት ሰው ብዙ ነው። ሐምሌ 15 ተመስገን ጥሩነህ ተመረጡ። ጥቅምት 29፣ 2013 ተመስገን ወደ ብሔራዊ መረጃና ደህንነት ሲዛወሩ አገኘሁ ተሻገር መጡ። ከምርጫው በኋላ፣ መስከረም 20፣ 2014፣ ይልቃል ከፋለ ተመረጡ። አገኘሁ ደግሞ ወደ ፌዴሬሽን ምክር ቤት አፈ ጉባኤነት ሄዱ። ነሐሴ 19፣ 2015 ይልቃል ለቀቁና አረጋ ከበደ ተተኩ።

ቁጠሯቸው። በአራት ዓመት ተኩል ውስጥ አምስት አዲስ ርዕሰ መስተዳድር። ከአምስቱ ውስጥ ሕዝብ ድምፅ ሰጥቶ አዲስ ምክር ቤት በመጣ ማግሥት የተመረጡት አንድ ብቻ ናቸው። ሦስቱን፣ ማለትም አምባቸውን፣ ተመስገንንና አገኘሁን፣ የመረጠው በግንቦት 2007 ምርጫ የገባው ምክር ቤት ነው። ያን ምርጫ አስታውሱት። ያኔ ኢሕአዴግ የሚባል ግንባር ነበር፣ አማራ ክልልን የሚመራ ብአዴን የሚባል ድርጅት ነበር፤ ኢሕአዴግና አጋሮቹ 547ቱንም የፌዴራል ወንበር ወሰዱ። በ2013 አገኘሁ ሲመረጡ ግንባሩ ፈርሷል፣ ብአዴንም የለም፣ ብልጽግና የሚባል አዲስ ፓርቲ ነው ያለው። አገሩ ሁሉ ተለውጧል። አዳራሹ ውስጥ የተቀመጡት ግን እነዚያው በ2007 የተመረጡ ሰዎች ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ መለየት አለበት። መሪ በምክር ቤት መመረጡ ራሱ ጥፋት አይደለም። የፓርላማ ሥርዓት ማለት ይሄ ነው፤ ሕዝብ ተወካዩን ይመርጣል፣ ተወካዩ መሪውን ይመርጣል፣ መሪው ከደከመ ተወካዩ ያወርደዋል። በዓመት ሁለት መሪ ቢቀየርም በሕግ ደረጃ ስህተት የለውም። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። ውሳኔው ምክር ቤቱ ውስጥ አይደለም የሚወለደው። የፓርቲው ኮሚቴ ይሰበሰባል፣ ስም ይመጣል፣ አስቸኳይ ጉባኤ ይጠራል፣ ዜናው «ምክር ቤቱ በሙሉ ድምፅ መረጠ» ብሎ ይወጣል፣ ቃለ መሐላ ይፈጸማል፣ ከሰዓት በኋላ ካቢኔው ይጸድቃል፣ እሱም በሙሉ ድምፅ። ክርክር የለም፣ ሁለተኛ ዕጩ የለም፣ የለቀቀው ሰው ለምን እንደለቀቀ የሚጠይቅ የለም። ርዕሰ መስተዳድሩ እንደ ወታደር ከአንድ ግንባር ወደ ሌላ ግንባር ይመደባል። ለማ ወደ መከላከያ፣ ተመስገን ወደ ደህንነት፣ አገኘሁ ወደ ፌዴሬሽን ምክር ቤት። ክልሉን ማን ይምራ የሚለው ጥያቄ የክልሉ ጥያቄ መሆኑ ቀርቶ የድርጅት ምደባ ሆነ።

እና መራጩ በ2013 ሰኔ ላይ ወረቀቱን ሲያጥፍ ርዕሰ መስተዳድሩ ማን እንደሚሆን አላወቀም። የአማራ ክልል መራጭ ድምፅ ሲሰጥ ክልሉን ይመሩ የነበሩት አገኘሁ ናቸው። ሦስት ወር ቆይቶ ምክር ቤቱ ሲመሠረት የተመረጡት ይልቃል ናቸው። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ደግሞ አረጋ። ለማን ነበር ታዲያ ድምፅ የሰጠነው?

የጊዜ ገደቡም አንድ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ምክር ቤት የሚመረጠው ለአምስት ዓመት ነው። የአዲስ አበባ ምክር ቤት ግን በሚያዝያ 2005 ተመርጦ እስከ 2013 ማብቂያ ቆየ። በ2010 ምርጫው ሊካሄድ ሲገባ ተራዘመ፣ በ2011 እንደገና ተራዘመ፣ ከዚያ ኮቪድ መጣ። ስምንት ዓመት። በ2005 አንደኛ ክፍል የገባ ልጅ ያ ምክር ቤት ሲሰናበት ስምንተኛን ጨርሷል። የክልሎቹም ሰኔ 3፣ 2012 በፌዴሬሽን ምክር ቤት ውሳኔ ተራዘሙ። ወረርሽኙ እውነት ነበር፤ በዚያ ሰዓት ምርጫ ማካሄድ ከባድ እንደነበር አልክድም። ግን የተራዘመ ምክር ቤት አዲስ መሪ ሲመርጥ፣ አዲስ ካቢኔ ሲያጸድቅ፣ ትልልቅ ውሳኔ ሲያሳልፍ፣ የሕዝቡ ፈቃድ የት አለ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነበር። በዚያ ወቅት የፌዴሬሽን ምክር ቤት አፈ ጉባኤ የነበሩት ኬሪያ ኢብራሂም ከውሳኔው ሁለት ቀን በፊት ከኃላፊነታቸው ለቀዋል። ትግራይ የራሷን ምርጫ ጳጉሜ 4፣ 2012 አካሄደች፤ የፌዴሬሽን ምክር ቤት ምርጫውን ውድቅ አደረገው። ከዚያ የመጣውን ሁላችንም እናውቀዋለን። የጦርነቱ ምክንያት ይሄ ብቻ ነው አልልም፤ ምክንያቱ ብዙ ነው። ግን «የምክር ቤቱ ዕድሜ አልቋል ወይስ አላለቀም» የሚለው ክርክር ከመሃሉ ነበር። የወንበር ዕድሜ ደም የሚያፋስስ ጥያቄ ሊሆን እንደሚችል አይተናል።

ትግራይ ያለ ምክር ቤት መኖር ምን እንደሚመስልም አሳይታናለች። ጦርነቱን ካቆመው ከፕሪቶሪያው ስምምነት በኋላ ክልሉ በጊዜያዊ አስተዳደር ነው የተመራው። በ2015 ጌታቸው ረዳን፣ በ2017 ታደሰ ወረደን የሾሙት ጠቅላይ ሚኒስትሩ ናቸው። ፌዴራል መንግሥት የሾመው መሪ ተጠሪነቱ ወደ ላይ ነው። ሕዝቡ ቢከፋው የሚጠራው ተወካይ የለም፤ በጀቱን በአደባባይ የሚመረምርለት የተመረጠ ምክር ቤት የለም። ለጊዜው አስፈላጊ ነው የሚል ክርክር ይኖራል። ጊዜያዊ ነገር ሲረዝም ግን ሰው ይለምደዋል፤ እኔን የሚያሰጋኝ ያ መልመድ ነው።

አሁን ወደ አባላቱ ልመለስ። የክልል ምክር ቤት አባል ማነው? ብዙዎቹ የሙሉ ጊዜ ተወካዮች አይደሉም። የመደበኛ ሥራ አላቸው፤ ምክር ቤቱ በዓመት ጥቂት ጊዜ፣ ለጥቂት ቀናት ይሰበሰባል። ከእነሱ መካከል የወረዳና የዞን አስተዳዳሪዎች፣ የቢሮ ኃላፊዎች፣ የመምሪያ ኃላፊዎች አሉበት። ጠዋት አስፈጻሚ ናቸው፣ ጉባኤው ሲከፈት ደግሞ የአስፈጻሚው ተቆጣጣሪ። የቢሮ ኃላፊው ሪፖርቱን ያቀርባል፣ የሾመው ርዕሰ መስተዳድር ፊት ለፊት ተቀምጧል፣ በስተቀኙ ያለው አባል በሚቀጥለው ወር በእሱ በጀት የሚተዳደር የወረዳ አስተዳዳሪ ነው። ማን ማንን ይጠይቃል? ዋና ኦዲተሩ ይሄን ያህል ገንዘብ ደረሰኝ የለውም ብሎ ሪፖርት ሲያቀርብ፣ ሪፖርቱን የሚሰማው ራሱ ገንዘቡን ያወጣው ሰው ሊሆን ይችላል። ይሄ የሰዎቹ የጠባይ ጉድለት አይደለም። ጎበዝና ቅን ሰው ብታስቀምጡበትም እዚያ ወንበር ላይ ይቸገራል።

ለመናገር የሚደፍር አባል ሲገኝ ደግሞ ከለላው ምን ያህል ጠንካራ ነው? ሕጉ አባል በምክር ቤት በሰጠው ሐሳብና ድምፅ አይከሰስም ይላል፤ እጅ ከፍንጅ ካልተያዘ በቀር ያለ ምክር ቤቱ ፈቃድ አይታሰርም ይላል። በሐምሌ 2015 መጨረሻ በአማራ ክልል ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ ከታሰሩት መካከል የክልሉ ምክር ቤት አባል ዮሐንስ ቧያለው እና የፌዴራሉ ምክር ቤት አባል ክርስቲያን ታደለ ነበሩ። በፖለቲካቸው ተስማሙ አትስማሙ፣ ያ እስር ለቀሩት አባላት ሁሉ መልእክት ነበረው። የምክር ቤት አባል እንዲህ በቀላሉ የሚታሰር ከሆነ፣ ከኋላ የተቀመጠው ዝም ያለ አባል ለምን ዝም እንዳለ መገመት አይከብድም።

ስለ አፈ ጉባኤ ትንሽ ልበል። ሰው አፈ ጉባኤን መዶሻ መቺ አድርጎ ያየዋል። ግን ጉባኤ የሚጠራው፣ አጀንዳ የሚያስይዘው፣ የመናገር ዕድል የሚሰጠው እሱ ነው። ጥያቄ አለኝ የሚልን አባል ማለፍም ዕድል መስጠትም በእጁ ነው። ሎሚ በዶ የጨፌ ኦሮሚያ አፈ ጉባኤ ነበሩ፤ ኋላ የተወካዮች ምክር ቤት ምክትል አፈ ጉባኤ ሆኑ። በአማራ ክልል ከ2014 ጀምሮ ፋንቱ ተስፋዬ፣ በኦሮሚያ ሰዓዳ አብዱራህማን፣ በአዲስ አበባ ቡዜና አልከድር በዚህ ወንበር ተቀምጠዋል። ሴቶች በዚህ ቦታ መታየታቸው ጥሩ ነው፤ ያስደስተኛል። ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ግን አፈ ጉባኤው ርዕሰ መስተዳድሩ ያልወደደውን አጀንዳ ማስያዝ ይችላል ወይ የሚለው ነው።

ሐረር ደግሞ ለብቻዋ የምትታይ ናት። ምክር ቤቷ 36 ወንበር ብቻ ነው፣ ያውም በሁለት ተከፍሎ፤ 22ቱ የሕዝብ ተወካዮች፣ 14ቱ የሐረሪ ብሔራዊ ጉባኤ። ለ14ቱ የሚመርጡት ሐረሪዎች ናቸው፣ ከክልሉ ውጪ የሚኖሩትም ጭምር። በ2013 ምርጫ ምርጫ ቦርድ ይሄን ከክልል ውጪ የሚሰጥ ድምፅ አልቀበልም ብሎ ነገሩ ፍርድ ቤት ደርሷል፤ ፍርዱም ለሐረሪዎቹ ነበር። በ1999 ቆጠራ ሐረሪዎች ከክልሉ ሕዝብ አንድ አሥረኛ አይሞሉም። ስለዚህ አባልነት እንዴት ይደለደል የሚለው ጥያቄ እዚያ የሚያሳምም ጥያቄ ነው፤ አነስተኛ ሕዝብ በገዛ ከተማው እንዳይዋጥ መጠበቅ በአንድ በኩል፣ አብዛኛው ነዋሪ ድምፁ እኩል እንዲመዝን መፈለግ በሌላ በኩል። ሁለቱም እውነት ነው። ቀላል መልስ የለኝም።

ምክር ቤቶቹ ከክልላቸው አልፈው የሚሠሩት ሥራም አለ፤ ይሄ ነው ከሁሉ በላይ የተዘነጋው። የፌዴሬሽን ምክር ቤት አባላትን የሚልኩት እነሱ ናቸው። ያ ምክር ቤት ሕገ መንግሥቱን ይተረጉማል፣ የክልሎች የድጎማ በጀት ቀመር ያወጣል። ሕገ መንግሥቱ ሕዝብ በቀጥታ ይምረጣቸው የሚል አማራጭም ይሰጣል፤ በተግባር ግን የክልል ምክር ቤቶች ናቸው የሚመርጧቸው። ስለዚህ የ2012ቱን ማራዘሚያ የወሰኑት ሰዎች ከየት መጡ ካላችሁ፣ ከዚያው ከሁለተኛው ወረቀት ነው።

አንቀጽ 105ንም ጨምሩበት። ስለ ሕገ መንግሥት ማሻሻል በየቦታው ይወራል፤ በአገራዊ ምክክሩም፣ በየሚዲያውም። የመገንጠልን መብት የሚሰጠው አንቀጽ 39 ይውጣ የሚል አለ፣ አይነካም የሚል አለ። መሬት ይሸጥ ይለወጥ የሚል አለ፣ ገበሬው ይፈናቀላል ብሎ የሚፈራ አለ። እነዚህ ሁለቱ፣ አንቀጽ 39 እና የመሬቱ አንቀጽ 40፣ የሚገኙት ምዕራፍ ሦስት ውስጥ ነው። ምዕራፍ ሦስትን ለማሻሻል ሁለቱ የፌዴራል ምክር ቤቶች በየራሳቸው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ማጽደቅ አለባቸው፤ በዚያ ላይ ሁሉም የክልል ምክር ቤቶች በአብላጫ ድምፅ መቀበል አለባቸው። ሁሉም ነው የሚለው። ዛሬ ክልሎቹ አሥራ ሁለት ናቸው። አንዱ እንቢ ካለ አለቀ። የሐረር 36 ሰዎች ምክር ቤት በዚህ ጉዳይ ከኦሮሚያ 537 ሰዎች ጨፌ እኩል ይመዝናል። ክልል በበዛ ቁጥርም፣ ሲዳማ፣ ደቡብ ምዕራብ፣ ደቡብ ኢትዮጵያና ማዕከላዊ ኢትዮጵያ እየተጨመሩ ሲመጡ፣ እንቢ ማለት የሚችለው ምክር ቤት ቁጥርም አብሮ በዛ። በአንድ ፓርቲ ጊዜ ይሄ አይታይም፤ ሁሉም አንድ ላይ እጁን ያወጣል። ክልሎቹ የተለያየ ፓርቲ ይዘው የገቡ ቀን ግን የእያንዳንዷ ወንበር ክብደት ይታያል።

በ1997 ለአንድ አፍታ ታይቶ ነበር። ቅንጅት የተባለው የተቃዋሚዎች ጥምረት በአዲስ አበባ ምክር ቤት ከ138 ወንበር 137ቱን አሸነፈ። ብርሃኑ ነጋ ከንቲባ እንዲሆኑ ተመረጡ። ከዚያ ግን ግጭቱ፣ እስሩ፣ ወንበር እንውሰድ አንውሰድ የሚለው ክርክር መጣና ምክር ቤቱ ሳይመሠረት ቀረ። ከተማዋ በባለአደራ አስተዳደር ተያዘች። ያን ድምፅ የሰጡ ሰዎች ዛሬ አርጅተዋል፤ ብዙዎቹ ከዚያ በኋላ በምርጫ ተስፋ ቆረጡ። አልፈርድባቸውም። ግን 137 ወንበር ይዞ ከተማ ማስተዳደር ምን ይመስል እንደነበር ሳናየው መቅረቱ እስካሁን ይቆጨኛል።

ሰባተኛው ምርጫ ላይ ለክልል ምክር ቤት ዕጩ ሆኖ ለሚመጣ ሰው ሁሉ፣ ከየትኛውም ፓርቲ ይምጣ፣ የምጠይቀው ግልጽ ነው። ፓርቲህ ካሸነፈ ርዕሰ መስተዳድር የምትመርጠው ማንን ነው? ስሙን አሁን ንገረን። እሱ በመሃል ቢነሳ ምክንያቱን በጉባኤ ትጠይቃለህ ወይ? የወረዳ አስተዳዳሪ ወይም የቢሮ ኃላፊ ከሆንክ ከሁለቱ አንዱን ትለቃለህ? ስለ ሕገ መንግሥት ማሻሻያ አቋምህ ምንድነው? ምክንያቱም ድምፅ የምትሰጥበት አንተ ነህ። በዓመት ስንት ጊዜ ትመጣለህ፣ የት ነው የምትገኘው?

ከምክር ቤቶቹ ደግሞ የምጠብቀው ገንዘብ የማይጠይቅ ነገር ነው። የአባላቱ ስም ከነምርጫ ክልላቸው በግልጽ ይለጠፍ፤ ቀበሌ ግድግዳ ላይም ይሁን ቴሌግራም ላይ። ሹመት ሲቀርብ ከአንድ በላይ ዕጩ ይቅረብ። ድምፅ ሲሰጥ «በሙሉ ድምፅ» ብቻ ተብሎ አይታለፍ፤ የደገፈው፣ የተቃወመው፣ ድምፅ ከመስጠት የተቆጠበው በስም ይመዝገብና መዝገቡ ለመራጩ ይድረስ።